ባምባውና አያ ይበልጣል

ባለፈው ወር ከዩኒቨርሲቲ ማደሪያችን ጀርባ የግቢው አትክልተኞች የወደቀ ዛፍ ቆራርጠው ሊያቃጥሉ ሞከሩ። እንጨቱ ገና እርጥብ ስለነበር አልነድ አላቸው። አንደኛው ሰውዬ ተስፋ ቆርጦ በባልዲ ውሃ ደፋበት። ያኔ የተነሳው ጭስ በመስኮታችን ገባ። ኮምጠጥ ያለ ከባድ ሽታ ነበረው፤ የራሰ ገለባና የተተኮሰ ቆዳ የተቀላቀለበት ይመስላል። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች እያጉረመረሙ መስኮቱን ዘጉ። እኔ ግን እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቆሜ ቀረሁ። ሆዴን መያዜን እንኳ ያወቅሁት አንዷ «አሞሻል እንዴ?» ስትለኝ ነው።

አላመመኝም። ያን ሽታ ከዚያ በፊት ያሸተትሁት በልጅነቴ፣ አጎቴ አያ ይበልጣል በታመመበት የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነበር።

ቤታችን ከገንዳ ውሃ ከተማ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ደግሞ በእግር የሚደረስበት የቆላ መንደር ውስጥ ነው። አያቴ አባ ተገኘ በጎልማሳነታቸው ከደጋ ወርደው መሬቱን ሲያቀኑ፣ ዛሬ ሰሊጥ የምንዘራበት ሜዳ ሁሉ ጫካ ነበር። ግራሩን ቆረጡ፤ ሽመል የሚባለውን የቆላ ቀርከሃ መነጠሩ፤ ጉቶውን አቃጠሉ። አንድ ባምባ ብቻ ተዉ። ከሱዳን በኩል የሚመጡት ነጋዴዎች ተበልዲ ይሉታል፤ ግንዱ እንደ ጎተራ የሚሰፋው ዛፍ ነው። መካከሉ ባዶ ስለሆነ ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባበታል። አያቴ ጎጆ እስኪቀልሱ ድረስ ያደሩት እዚያ ውስጥ ነበር።

«ቤቴ ነው» ይሉ ነበር። «ሰው ቤቱን አይቆርጥም።»

ስለዚህ እኔ ነፍስ ሳውቅ ከማሳችን ጫፍ እስከ ጫፍ የቆመ ዛፍ እሱ ብቻ ነበር። ትራክተሩ ሲያርስ ዞሮት ያልፋል። ሠራተኞቹ ምሳቸውን የሚበሉት ከጥላው ስር ነው። ላሞቹም፣ የጎረቤት ውሾችም፣ ወፎቹም ቀትር ላይ እዚያው ይሰበሰባሉ። ሁላችንም ጥላው ሲዞር አብረነው እንዞራለን።

የእኔ ሥራ ልጥ ነበር። የሰሊጥ ነዶ በእኛ ቤት የሚታሰረው በባምባው ልጥ ነው። አያቴ በመጥረቢያ ጀርባ ግንዱን ቀጥቅጠው ልጡን ከላይ ወደ ታች ይስቡታል፤ እኔ በተቆረጠ በርሜል እዘፈዝፈዋለሁ፤ ሲለሰልስ በጣቴና በጥርሴ እየሰነጠቅሁ ክር አደርገዋለሁ። ሲነክሱት የጥሬ ባቄላ ዓይነት ጣዕም አለው። አያቴ ሁልጊዜ የሚልጡት ከአንድ ወገን ብቻ ነው።

«ዘንድሮ በዚህ ጎኑ፣ ለከርሞ በዚያ ጎኑ። ዙሪያውን ከላጥሽው ይሞታል። ጎን ከተውሽለት ግን ቆዳውን መልሶ ያበቅላል» አሉኝ። የተላጠው ቦታ መጀመሪያ እርጥብና ቀላ ያለ ነው። እያደር ይደርቃል፤ ከዚያ አዲስ ቆዳ ይሸፍነዋል። ግንዱ በአሮጌ ጠባሳ የተሞላ ስለነበር ብዙ ጊዜ ታሞ የዳነ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አያ ይበልጣል የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከመታመሙ በፊት በነበረው ዓመት ከጎጃም ከሳሉጎቹ ጋር መጣ። ሳሉግ የምንለው በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ ነው። አጨዳው ሲያልቅ ሌሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እሱ ግን ከእኛ ጋር ከረመ። ሚያዝያ ሲገባ ሙቀቱን መቋቋም አቃተው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የጠፍር አልጋውን በጭንቅላቱ ተሸክሞ ወደ ባምባው ሲሄድ እናቴ ከኋላው ተከተለችው።

«አንተ ይበልጣል! ወዴት ነው አልጋ ይዘህ?»

«እቴ፣ ቤትሽ እኮ ምድጃ ነው። እኔ ደግሞ ዳቦ አይደለሁም።»

«እዚያ እባብ አለ።»

«እባቡስ ከእኔ ጋር ምን ጥል አለው? እሱም ሙቀት ሸሽቶ ነው የመጣው።»

አያቴ ከደጃፍ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። «ልጄ፣ ቀን አረፍ በልበት። ማታ ግን ተወው» አሉት።

«እርስዎስ አድረውበት የለ እንዴ፣ አባባ?»

«እኔ ያደርሁት ጫካው ሳለ ነው።»

አያ ይበልጣል ሳቀና ሄደ። እኔም ሳቅሁ። ጫካው ሳለ ማደር የበለጠ የሚያስፈራ መስሎኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን መሬቱ ተሰነጣጠቀ። የእኛ አገር መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ አፉን ይከፍታል። ስንጥቁ ክንዴን እስከ ክርኔ ይውጥ ነበር። እኔና እኩዮቼ ከበረሃው የሚለቀመውን የላሎ ዛፍ ፍሬ እየመጠጥን ዘሩን እንጥልበትና ጆሯችንን ደፍተን ሲወድቅ ለመስማት እንሞክር ነበር። ድምፅ አይመጣም። ከባምባው ስር ያለው ስንጥቅ ከሁሉም ይሰፋል። አያ ይበልጣል አልጋውን የዘረጋው በዚያ ላይ ነው። ክረምቱ እስኪጠና ድረስ እዚያ አደረ።

መስከረም ላይ ትኩሳት ያዘው። «ወባ ነው» ተባለ። ወባን እንደ ጎረቤት ስለምናውቃት ማንም አልደነገጠም። አባቴ ከሱቅ ክኒን አመጣለት፤ ትንሽ ተሽሎት ማጭዱን አንስቶ ወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ጣለው። እንደገና ክኒን ዋጠ። ሰሊጡ ደርሶ ስለነበር ሁሉም ሰው ተጣድፏል፤ ሰሊጥ አንድ ቀን ካለፈበት ፍሬውን ያራግፋል። እሱም ትኩሳቱ በለቀቀው ቁጥር ነዶ ያስር ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ልጥ ተሸክሜ ስደርስ ሸሚዙን አውልቆ ከባምባው አጠገብ ቆሞ አየሁት። ሆዱ አብጧል። እጆቹና እግሮቹ ግን ቀጥነዋል። ከበስተጀርባው ዛፉ ቆሟል፤ እሱም ቅጠሉን ማራገፍ ጀምሮ ነበር፤ ከታች ያበጠ፣ ከላይ የከሳ። ሁለቱን አፈራርቄ አየሁ። ልጡ ከእጄ ወደቀ። ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ፤ ዛፉ ከስሩ የሚያድረውን ሰው ቀስ እያለ እንደ ራሱ ያደርገዋል።

ለማንም አልተናገርሁም። ይህን የመሰለ ነገር ከተናገሩት የሚፈጥን ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ይልቅ ከልጡ አንድ ረጅም ክር ለራሴ ደብቄ፣ ጠዋት ጠዋት ከጎተራው ጀርባ ሆዴን መለካት ጀመርሁ። የለካሁበት ላይ ቋጠሮ አደርጋለሁ። እራት በደንብ የበላሁ ዕለት ቋጠሮው ትንሽ አልፎ ይመጣል፤ ያን ቀን ሙሉ ምግብ አልነካም። እናቴ «ይህች ልጅ ምነው እህል ጠላች?» ትላለች።

አያ ይበልጣል አንድ ጠዋት ደረሰብኝ።

«ትርንጎ፣ ምን እየለካሽ ነው?»

«ምንም።»

«ለቀሚስ ነው? በይ የእኔንም ለኪኝ፣ እኔም ቀሚስ ሳያምረኝ አይቀርም።» ክሩን ተቀብሎ ሆዱ ላይ አዞረውና ጫፉ ከደረሰበት ላይ ቋጠሮ አሰረ። ከእኔ ቋጠሮ በጣም ይርቅ ነበር። «አየሽ? ለነጋዴ ብንሸጠው ሙሉ ኩንታል ነው» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ድዱ ነጭ ነበር። ክሩን ሲመልስልኝ እጁ ያቃጥላል። ሮጬ ሄድሁ።

በማግስቱ አያቴና እኔ ልጥ ላጥን። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ከጎረቤት መንደር አንድ ሽማግሌ ጠርቶ መጣ። ሽማግሌው የአያ ይበልጣልን ሆድ በግራ በኩል ዳበሱና «ጣፊያው ነው ያበጠው፤ ይተኮስ» አሉ። በእኛ ዘንድ ጣፊያ ሲያብጥ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው፤ እናቴም ልጅ ሳለች ተተኩሳለች። የማጭድ ጫፍ ከፍም ውስጥ ተደረገ። እኔ ከቤት ተባርሬ ብወጣም ድምፁን ሰምቻለሁ። አያ ይበልጣል አልጮኸም፤ በረጅሙ ተነፈሰ ብቻ። ከበሩ ስር የወጣው ሽታ ግን እስከ በርሜሉ ድረስ ተከተለኝ።

ወደ ባምባው ሄድሁ። ጠዋት የላጥነው ቦታ ገና እርጥብ ነበር፤ ቀላ ብሎ ያንጠባጥባል። ከፊቱ ቆሜ ጎኑን ለየሁት። ግራ ነው። በእሱ ላይ የምናደርገው በአያ ይበልጣል ላይ ይደርሳል ማለት ነው ብዬ ደመደምሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጥ መንካት አቆምሁ።

«ምነው ትርንጎ፣ እጅሽ ሰነፈ?» አሉኝ አያቴ።

«ያመዋል» አልኋቸው።

አያቴ አላሾፉብኝም። ዛፉን አዩ፤ እኔን አዩ። «አዎ፣ ሳያመው አይቀርም» አሉና መጥረቢያቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። የቀረው ነዶ በገመድ ታሰረ።

መተኮሱ አልረዳም። ከአፍንጫው ደም ይፈሰው ጀመር። እናቴ ነጠላዋን አፍንጫው ላይ ይዛ ስታለቅስ አባቴ ሰሊጥ በጫነ መኪና ላይ አሳፈረው። ከሾፌሩ አጠገብ ደግፈው ሲያስቀምጡት በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ትርንጎ፣ ክሩን እንዳትጥይው። ስመለስ እንለካለን» አለኝ። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። እኔ መሄዱን እንጂ መመለሱን አላመንሁም።

አባቴ ከጥቂት ቀናት በኋላ ብቻውን መጣ። የገንዳ ውሃ ሐኪም ሆዱን ዳብሶ፣ ደም ወስዶ፣ ወባ አይደለም ብሏል። ካላዛር የሚባል የቆላ በሽታ ነው። ወደ ጎንደር ልከውት አንድ ዘመድ እያስታመመው ነበር። አባቴ ይህን ሲናገር ሠራተኞቹም፣ አያቴም፣ እኛም በደጃፉ ተሰብስበናል።

«ይድናል?» አለች እናቴ።

«መርፌ ጀምረውለታል። ቶሎ ብትመጡ ጥሩ ነበር አሉኝ።» አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። «የምታመጣው ትንኝ ናት አሉ። በጣም ትንሽ፣ ድምፅ የሌላት። ከመሬት ስንጥቅና ከዛፍ ስር ትኖራለች፤ ሲመሽ ወጥታ ትነክሳለች።»

«ከየትኛው ዛፍ?» አለች እናቴ።

ሁላችንም ወደ ባምባው አየን። ሌላ ዛፍ የለንም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ የሰሊጥ አገዳ እየተሸከመች ወደ ባምባው መመላለስ ጀመረች። ፍሬው የተራገፈ ደረቅ አገዳ ነው፤ እሳት ሲያይ እንደ ወረቀት ይነዳል። በባዶው ሆድ ውስጥ ታጭቀዋለች። አባቴ አየት አደረጋትና እሱም መሸከም ጀመረ። ሠራተኞቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቆሙ። አያቴ በምርኩዛቸው ደረሱ።

«አስማረ» አሉ አባቴን፤ «ይህ ምንድን ነው?»

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሠራተኛው ሊሸሸን ነው። ልጆችም አሉን።»

«ዛፉ ነው የነከሰው?»

እናቴ የተሸከመችውን ጣለች። አያቴን ሽቅብ ተናግራ አታውቅም ነበር። «እርስዎ ቤቴ ነው ይላሉ። ወንድሜን የበላ ቤት ምን ይሠራልኛል?»

አያቴ በምርኩዛቸው ተደገፉ። ከዚያ እኛን ሳይሆን ሜዳውን እያዩ ተናገሩ። «ጫካው ሳለ ለሁሉም ጥላ ነበረው። እባቡም የራሱ፣ ትንኙም የራሱ፣ እኔም የራሴ። እኔ ነኝ የመነጠርሁት። አሁን ጥላ የሚፈልግ ፍጥረት ሁሉ ከዚህች ዛፍ ስር ተሰበሰበ፤ ሰውም መጥቶ ከመካከሉ ተኛ። እሷ ምን ታድርግ?» ዞረው ሄዱና ከማሳው ዳር ካለው የምስጥ ኩይሳ አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

እናቴ ክብሪቱን ጫረች።

አገዳው በአንድ ትንፋሽ ተቀጣጠለ። ባዶው ሆድ እንደ ሰው ጮኸ፤ አየር ሲስብ ይመስለኛል፤ «ሆ» የሚል ረጅም ድምፅ ወጣው። ከላይ ከቅርንጫፎቹ መካከል ነጭ ጭስ ተነሳ፤ ወፎቹ ተበተኑ። ከተላጠው ቦታ ውሃ እየፈላ ይወርድ ነበር። እኔ ጎንደር የሚባለውን ከተማ አይቼው አላውቅም፤ አያ ይበልጣል አሁን ያለበት ግን ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ አልጋ ላይ ሆዱ እየነደደ።

«አታቃጥሉት!» ብዬ ጮህሁ። «አያ ይበልጣል ነው! ሆዱ ነው!»

እናቴ ዞረች። «ምን አልሽ አንች?»

«ዛፉን ስንልጠው እሱን ተኮሱት። አሁን ስታቃጥሉት ይሞታል። አያ ይበልጣል ይሞታል!»

«አፍሽን ዝጊ! ምን ያለችው ሟርተኛ ናት!» አለ አባቴ።

ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ሸምገል ያለ የወሎ ሰው አማተበና «የሕፃን አፍ አይናቅም፣ እመቤት» አለ።

እናቴን አየኋት። ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል። እንዲህ ያለ ቃል ከልጅ አፍ ከወጣ በኋላ እንዳልተሰማ ማድረግ አይቻልም። ክብሪቱን ከእጇ ጣለች። ከዚያ የሠራተኞቹን የመጠጥ ውሃ የያዘውን ጀሪካን ብድግ አድርጋ እሳቱ ላይ ገለበጠችው።

«የሠራተኛው ውሃ!» አለ አባቴ።

«ይጠማው!» አለችና ሁለተኛውን አነሳች።

ሠራተኞቹ እየሮጡ ያላቸውን ሁሉ አመጡ። አንዱ ሻዩን ሳይቀር ደፋ። አያቴም ከኩይሳው ተነስተው በርሜሌን፣ ልጥ የምዘፈዝፍበትን፣ እየገፉ መጡ። ውሃው ሲያርፍበት ዛፉ ፈሽ አለ፤ ያ ኮምጣጣና ከባድ ሽታ ሜዳውን ሞላው። ሁላችንም እያሳልን ወደ ኋላ ሸሸን።

እሳቱ ጠፋ ስንል አልጠፋም። ውስጥ ለውስጥ ይጨሳል። እናቴ በየጠዋቱ ለማንም ሳትናገር ውሃ ትወስድለታለች፤ እኔም በትንሹ ጀሪካን እከተላታለሁ።  ከጎንደር ወሬ የለም። በመንደራችን ስልክ የሚሠራው ከኩይሳው ጫፍ ላይ ከተወጣ ብቻ ነው። አባቴ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ይወጣና «ሄሎ… ሄሎ… አይሰማም» እያለ ይወርዳል። እኔ ጭሱን እያየሁ አያ ይበልጣል ገና አለ ወይስ የለም እያልሁ እገምታለሁ። ጭሱ ሲበዛ እህል አልቀምስም። ጭሱ ሲቀንስ ደግሞ ነፍሱ ወጥታ ቢሆንስ እላለሁ።

አንድ ምሽት አባቴ ከኩይሳው ላይ ሆኖ «ምን? ሾርባ?» ሲል ሰማን። እናቴ የያዘችውን ሰፌድ ለቀቀችው። «ሾርባ ጠጣ ነው የምትለኝ? ራሱ ተነስቶ?» አባቴ ወደ እኛ ዞሮ «ጨው አነሰው ብሎ ተቆጣ አሉ!» አለ። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ቆይቶ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። እኔ ግን አላመንሁም። ሾርባ የጠጣው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

የመጣው አጨዳው አልቆ ሜዳው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ከጭነት መኪና ላይ በራሱ እግር ወረደ። ከስቷል፤ ፀጉሩ ሳስቷል፤ ሸሚዙ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። እናቴ አንገቱን አቅፋ አልለቅም አለች። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርሁ።

«ትርንጎስ? ክሬን ሸጥሽው እንዴ?»

ቀስ ብዬ ወጣሁ። ክሩ ከአንገቴ ማተብ ጋር ታስሮ ነበር። ሸሚዙን ገለጠልኝ። በግራ ጎኑ የማጭዱ ጠባሳ አለ፤ ደርቋል፤ በጠርዙ አዲስ ቆዳ ይዟል። ክሩን ስጠመጥም ገላው ቀዝቃዛ ነው። ክሩ ዞሮ ተገናኘ፤ አለፈ፤ የእሱ ቋጠሮ ከመነሻው በጣም ርቆ ወደ ጀርባው ሄደ።

«ተሸጠ ማለት ነው ኩንታሉ» አለ አያ ይበልጣል። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሁ።

ባምባውም አልሞተም። ሆዱ ከሰል ሆኖ ጠቁሯል፤ ክረምት ሲገባ ግን ከላይ ቅጠል አወጣ። አያቴ በዚያ ዓመት ለትራክተሩ ነጂ የማሳውን ዳር እንዳያርስ ነገሩት። «ብቻዋን ስለተውኋት ነው» አሉ፤ ሌላ ምክንያት አልሰጡም። በዚያ ዳር ግራርና ላሎ ሳይዘሩት በቀለ። እሳቸው ዛሬ የሉም፤ ዛፎቹ ግን ከእኔ ቁመት አልፈዋል። በቤታችንም አንድ ሥርዓት ጸንቶ ቀረ። በቀን ሠራተኛውም እኛም ከባምባው ጥላ ስር እንበላለን፣ እናርፋለን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን አልጋም ሆነ ሰው ከዚያ አይገኝም።

ያ ጭስ በማደሪያችን መስኮት ከገባ በኋላ የሴሚስተሩ ዕረፍት ሲደርስ ወደ ቤት ሄድሁ። ያለፈው ዓመት ልጥ የተላጠበት ቦታ በአዲስ ቆዳ ሊሸፈን ጥቂት ቀርቶታል። ከባዶው ሆድ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ገባሁና ከሰሉን በጣቴ ነካሁ። ቀዝቃዛ ነው። እዚያው ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ትንኟን በትምህርት አውቃታለሁ፤ ባምባው ማንንም እንደማይበላም አውቃለሁ። ቢሆንም ብርሃኑ መቅላት ሲጀምር እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ።

ገና ሳልወጣ ከሜዳው ማዶ ድምፁ መጣ፤ ዛሬ ሚስት አግብቶ ከእኛ ማሳ አጠገብ የሚያርሰው አያ ይበልጣል፣ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ይጣራል።

«አንች ትርንጎ! ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ብለሽ ነው? መሸ፤ ተነሽ!»

«መጣሁ!» ብዬ ሮጥሁ።